ሮክ አልበም ልትቀዱ ነው? የየመሣሪያውን ትራክ (ለየብቻ የተቀዳውን ድምፅ) ሳትረከቡ ቀሪውን ብር አትክፈሉ

ሰላም ወንድሜ። አምስት ሆናችሁ ሮክ ትጫወታላችሁ። ዘፈኖቹ አልቀዋል። አዲስ አበባ ውስጥ የትኛው ስቱዲዮ ይሻላል፣ ሰውስ ይቀበለናል ወይ ብለህ ጠይቀሃል። እኛም በዚሁ መንገድ አልፈናል። የባንዳችን ጊታሪስት እኔ ነኝ፣ ከባለ ስቱዲዮው ጋር የተጨቃጨቅኩትም እኔ ነኝ። ያየሁትን ልንገርህ።

1. ዋጋ ከመጠየቅህ በፊት ድራም የሚቀዳበትን ክፍል እይ። ብዙዎቹ ስቱዲዮዎች የተሠሩት ለድምፃዊና ለኪቦርድ ነው። ድራሙን ከኮምፒውተር ያስገቡታል። ለሌላ ሙዚቃ ያስኬድ ይሆናል፣ ሮክ ግን በዚህ አይሠራም። ከድራሙ ኪኩ (በእግር የሚመታው ትልቁ)፣ ስኔሩ (ጥርት ብሎ የሚጮኸው)፣ እያንዳንዱ ቶም (የቀሩት ከበሮዎች) የራሱን ማይክ ይፈልጋል። ከሲምባሎቹ በላይ ሁለት፣ ራቅ ብሎ ደግሞ የክፍሉን ድምፅ የሚይዝ አንድ ጨምርበት። «በአንዴ ስንት ማይክ ትቀዳላችሁ?» ብለህ ጠይቅ። ሁለት ካሉህ ሌላ ቤት ፈልግ።

2. ችክችካ ያለው ዘፈን ካላችሁ ድራመራችሁ ከክሊክ (በጆሮ ማዳመጫ ምት ከሚቆጥር ድምፅ) ጋር አስቀድሞ ይለማመድ። ክሊኩ የችክችካውን ስድስት ምት ሁሉ አይቁጠር፣ ሁለቱን ከባድ ምቶች ብቻ ይስጠው። ስድስቱንም ከቆጠረለት ችክችካው ይደርቃል። የኛ ልጅ በዚህ ተዘጋጅቶ ገብቶ አብዛኛውን ዘፈን ሳያቋርጥ ነው የጨረሰው። እንደሱ ያለ ድራመር ስላለን ዛሬም እኮራለሁ።

3. ሚክስ፣ ማለትም የተቀዱትን ድምፆች አመጣጥኖ ማቀላቀል። ዋናው ነገር ይሄ ነው።

ሚክሱ አልቋል ተብለን ሄድን። ከፍተን ስንሰማ የድራመራችን ስኔር የለም። ባለ ስቱዲዮው አውጥቶት ከኮምፒውተር ያገኘውን ድምፅ ተክቶበታል። ሁለቱ ጊታሮች መሀል ላይ ተደራርበው ከድምፃዊው ኋላ ተቀብረዋል። ሳንጠይቀው ደግሞ በኪቦርድ ቫዮሊን ጨምሮበታል። ምነው ስንለው «ሕዝቡ የሚሰማው ግጥም ነው» አለን። የኛ ሰው ግጥም እንደሚወድ እኔም አውቃለሁ፣ ራሴም እወዳለሁ። ግጥሙ ይሰማ ዘንድ ግን ጊታሩ መሞት የለበትም። አንዱን ጊታር ወደ ግራ፣ ሌላውን ወደ ቀኝ ብታደርገው መሀሉ ለድምፃዊው ይተርፋል። ይሄን ነገርነው። ሊሰማን ግን አልፈለገም።

«እሺ፣ የየመሣሪያውን ትራክ ለየብቻው ስጠን፣ ሌላ ሰው ሚክስ ያድርግልን» አልነው። ዓይኑን በጨው አጥቦ «ጥሬው ፋይል የስቱዲዮው ነው» አለ። ገንዘቡን ከኪሱ ካስገባ በኋላ እኮ ነው! ከዚያ ስልክ ማንሳት አቆመ። በር ላይ ስንጠብቀው በሠራተኛ «የለም» አስባለ። በመጨረሻ «ሃርድ ዲስኩ ተበላሽቷል» አለን። ብሩ ብዙ ነበር፣ ግን ከብሩ በላይ የልጁ ድራም ነው የሚቆጨኝ።

ትራክ በእጅ መኖሩ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የአሜሪካኑን ሮክ ባንድ ኒርቫናን እይ። በ1993 እ.ኤ.አ. «ኢን ዩቴሮ» የተባለውን አልበማቸውን የቀረጻ ባለሙያው ስቲቭ አልቢኒ አሜሪካ፣ ሚኔሶታ ውስጥ ሁለት ሳምንት ገደማ ፈጅቶ ቀዳው። ድራሙን ስትሰማ ክፍሉ ራሱ ይሰማሃል። በኋላ በድምፁ ላይ ክርክር ተነሳና በነጠላ ለማውጣት የታሰቡትን ሁለት ዘፈኖች ስኮት ሊት የሚባል ሌላ ባለሙያ እንደገና ሚክስ አደረጋቸው። ትራኮቹ ስለነበሩ ዘፈኖቹን ከዜሮ መቅዳት አላስፈለገም። አልቢኒ ደግሞ ከሽያጩ ድርሻ አልወስድም፣ የሠራሁበትን ክፈሉኝ የሚል ሰው ነበር። የኛ ሰውዬ የሠራበትን ከወሰደ በኋላ ሥራችንንም አስቀረው።

የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲውም ለተጫዋቹም መብት ይሰጣል። ሃርድ ዲስኩን ግን አዋጁ አምጥቶ አያስረክብህም። ስለዚህ ውላችሁ ውስጥ ይቺን አስገቡ፦ «እያንዳንዱ ትራክ ያለ ኤፌክት፣ ሁሉም ከአንድ መነሻ ጀምሮ፣ በ24 ቢት ዌቭ (ያልተጨመቀ የድምፅ) ፋይል፣ ቀሪው ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ለባንዱ ይሰጣል።» በቀረጻው ቀን ማታ ማታም የዕለቱን ገልብጣችሁ ውሰዱ። ቅር የሚለው ባለ ስቱዲዮ ካለ ቀብድ ሳትሰጡት ውጡ።

እኛ ያንን ሚክስ አላወጣነውም። ጣሪያው ከፍ ያለ አዳራሽ ተከራይተን፣ ማይክ ተውሰን፣ ሁሉንም ከዜሮ ቀዳነው። ለኮምፒውተሩ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) ያዙ፣ መብራት ሲጠፋ የተቀዳው አብሮ እንዳይሄድ። ጄኔሬተር ሲነሳ የኔ ጊታር «ሽ...» ስለሚል ጊታሮቹን መብራት ባለበት ሰዓት ብቻ ነው የቀዳነው።

ሰው ይቀበለናል ወይ ላልከው፣ መጀመሪያ የሚመጣው ስድብ ነው። አንድ የሬዲዮ ሰው ሲዲውን ግማሽ ደቂቃ እንኳ ሳይሰማ «ይሄ ጩኸት ነው» ብሎ መለሰልን። ሌሎች የፈረንጅ ኩረጃ አሉን። የኛው ሮክ ባንድ ጃኖ በ2012 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ፕሮዲውስ ያደረገውን «ኤርታሌ» አልበም ካወጣ በኋላ እንኳ ከባድ ጊታርና የኛ ቅኝት አብሮ አይሄድም የሚል ሰው መኖሩ ይገርመኛል። ይሄዳል! መድረክ ላይ የአንቺሆዬ ቅኝቱን ዘፈን በዲስቶርሽን (በሚሻክረው የጊታር ድምፅ) ስንጀምረው ከሁሉም ቀድመው የሚያጨበጭቡት ትልልቅ ሰዎች ናቸው፣ ዜማውን ያውቁታላ። ብቻ አንቺሆዬ ላይ ፓወር ኮርድ (አንድ ድምፅና ከሱ አምስተኛው አብረው ሲመቱ) በየኖታው አይገኝም፣ መነሻው ላይ ራሱ አምስተኛው ድምፅ ቅኝቱ ውስጥ የለም። አንዱ ጊታር መነሻውን ይዞ ይቆይ፣ ሌላው ዜማውን ይጫወት። ሁለታችሁም ኮርድ ከመታችሁ ቅኝቱ ይጠፋል።

የስቱዲዮውን ስም እዚህ አልጽፍም። የማይኮቹን አቀማመጥ ያነሳሁት ፎቶና የውላችን ቅጂ አለኝ፣ በውስጥ መስመር ጻፍልኝና እልክልሃለሁ። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ግን ይሁን።