ስለ ዳያክ ምግብ የጠየቃችሁኝ፦ ቀርከሃ ውስጥ የበሰለ ዶሮ፣ ሚዲን፣ ቱዋክ እና ያ ትል

ባለፈው እዚሁ ዓምድ ላይ ስለ ኩቺንግ ትንሽ ጽፌ ነበር። ኩቺንግ የሳራዋክ ዋና ከተማ ናት፤ ሳራዋክ ደግሞ ቦርኒዮ ደሴት ላይ ያለ የማሌዥያ ግዛት ነው። ዩኔስኮ በፈረንጆቹ 2021 በምግብ ዘርፍ ከፈጠራ ከተሞቹ መረብ ውስጥ አስገብቷታል። ከተማዋን አስተዋውቃለሁ ብዬ የጻፍኩት ነገር የመጣልኝ ምላሽ በሙሉ ስለ ሆድ፣ በተለይም የቦርኒዮ ነባር ሕዝቦች ስለሆኑት ስለ ዳያኮች ምግብ ሆነ። ይሁን፣ እኔም ደስ ብሎኛል። የሚመሳሰሉትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርጌ ልመልስ።

ኢባንና ዳያክ አንድ ናቸው? ሻጩን የቱን ብዬ ልጠይቀው?

ዳያክ የወል መጠሪያ ነው። ኢባን፣ ቢዳዩ፣ ካያን፣ ኬላቢትና ሌሎችም ብዙ ሕዝቦች በዚህ ስም ይጠራሉ። በሳራዋክ በቁጥር ትልቁ ኢባን ነው። ሻጩን "የዳያክ ምግብ አለ?" ካላችሁት በቂ ነው፣ የታሪክ ፈተና አይፈትናችሁም። ኡማይ የሚባለውን በሎሚ የተለወሰ ጥሬ ዓሣ እዚያው ካያችሁ ግን እሱ የሜላናው ሕዝብ ምግብ ነው፤ ጥሬ ሥጋ የምትወዱ ሰዎች እንዳታልፉት።

አራት ተማሪዎች ነን፣ ከኩዋላ ላምፑር ለቅዳሜና እሁድ እንሄዳለን። ሬስቶራንት አቅማችን አይደለም። ፉድ ኮርት ውስጥ ምን እንዘዝ?

በመጀመሪያ ፓስፖርታችሁን አትርሱ። አገሩ አንድ ቢሆንም ሳራዋክ የራሷ የኢሚግሬሽን ቁጥጥር አላት።

ፉድ ኮርት ማለት ብዙ ምግብ ሻጮች ጎን ለጎን ሆነው የሚሸጡበት ቦታ ነው። ስትገቡ ጠረጴዛ ያዙና ቁጥሩን ልብ በሉ። አንዳችሁ ቦታ ጠብቁ፣ ሌሎቻችሁ ሻጮቹን ዙሩ። ሁሉንም ከአንድ ሰው መግዛት የለባችሁም፤ ዶሮውን ከአንዱ፣ ቅጠሉን ከሌላው ብታዙ ሁሉም የጠረጴዛ ቁጥራችሁ ጋ ይመጣል። የመጠጡ ሻጭ ብዙ ጊዜ ለብቻው ነው፣ ገና ሳትቀመጡ መጥቶ ይቆምባችኋል። ብዙ ቦታ ሒሳብ የሚከፈለው ምግቡ ሲደርስ ስለሆነ ዝርዝር ገንዘብ ያዙ። ቲፕ የሚጠብቅ የለም።

ለየብቻ አንድ አንድ ሳህን እንዳታዙ። ይሄ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። የዳያክ ምግብ መሐል ላይ ተቀምጦ በነጭ ሩዝ አብሮ የሚበላ ነው፤ ሾርባውም ቅጠሉም ለብቻው ሲቀመስ ጎዶሎ ይመስላል፣ አንድ ላይ ሲሆን ነው ነገሩ የሚገባችሁ። ለአራት ሰው አንድ ማኖክ ፓንሱ (ቀርከሃ ውስጥ የበሰለው ዶሮ)፣ አንድ ሚዲን (የተጠበሰ የጫካ ቅጠል)፣ አንድ የኮምጣጣው ደበርጃን ሾርባ፣ እና የተወቀጠ የካሳቫ ቅጠል ይበቃል።

ስለ ማኖክ ፓንሱ ትንሽ ላውራ፣ ምክንያቱም የመጣችሁት ለእሱ ነው። አረንጓዴ ቀርከሃ ከአንጓው በታች ይቆረጥና አንጓው ቂጥ ሆኖለት እንደ ረጅም ኩባያ ይሆናል። ዶሮው ከነአጥንቱ ተከትፎ ይገባል፤ የተጨፈለቀ ጠጅ ሣር፣ ዝንጅብል፣ ጨው፣ ትንሽ ውኃ ይጨመራል። ቡንግካንግ የሚባል ሽታው ደስ የሚል የጫካ ቅጠል ካለም ይገባል። ዘይት የለም። አፉ በካሳቫ ቅጠል ይጠቀጠቅና እሳት ላይ ጋደም ብሎ፣ እየዞረ ይበስላል። ቀርከሃው ከውጭ ይጠቁራል እንጂ ቶሎ አይነድም፣ እርጥብ ነውና። ሲገለበጥ የሚወጣው ሾርባ ቀጭንና ጥርት ያለ ነው። በርበሬ የለመደ ምላስ መጀመሪያ "እና?" ይላል። ሁለተኛው ማንኪያ ላይ ጠጅ ሣሩ ይመጣል፣ ከዚያ የእርጥብ እንጨት የመሰለው የቀርከሃው ጣዕም፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ የዶሮውን ስብ የጠጣው ቅጠል፣ ለእኔ ከዶሮው የሚበልጠው እሱ ነው።

አንድ ነገር ጠይቁ፦ "ቀርከሃ ውስጥ ነው የበሰለው?" አንዳንዱ ሻጭ ድስት ውስጥ ቀቅሎ በስሙ ይሸጣል። እሱም አይከፋም፣ ግን ፓንሱ ብዬ አልጠራውም። እውነተኛውን የሚሠሩት አንዳንዶቹ ቀድማችሁ እንድታዙ ይፈልጋሉ፣ ስለዚህ ጠዋት ደውሉ።

ደበርጃኑን ስታዩ እንዳይደንቃችሁ፣ ክብና ብርቱካንማ ቢጫ ነው። ኮምጣጣ ነው፣ ምራቅ ያስወጣል። ብዙ ጊዜ ጭስ ከገባው ዓሣ ጋር ይሠራል።

በጾም ወቅት ነው የምደርሰው። የሚበላ ነገር አገኛለሁ?

ታገኛላችሁ፣ ግን ሳትጠይቁ አይደለም። ደስ የሚለው ነገር በዚህ ምግብ ውስጥ ቅቤና ወተት የሚባል ነገር የለም ማለት ይቻላል። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው የተደበቀው።

ሚዲን ጫፉ የተጠቀለለ፣ ሲጠበስም ቀጭ ቀጭ ማለቱን የማይተው የጫካ ቅጠል ነው፤ ኩቺንግ ውስጥ ያልበላው ሰው የለም። ግን በተለምዶ የሚጠበሰው በበላቻን ነው፣ በላቻን ደግሞ የተብላላ የሽሪምፕ ድልህ ነው። የተወቀጠው የካሳቫ ቅጠልም ብዙ ጊዜ ትንንሽ ደረቅ ዓሣዎች ይገቡበታል። ስለዚህ "ታንፓ በላቻን" በሉ፣ ያለ በላቻን ማለት ነው፤ በነጭ ሽንኩርት ብቻ ጥበሱልኝ በሉ። ከቻይናዊ ሻጭ ስታዙ ደግሞ ዘይቱንም ጠይቁ፣ የአሳማ ስብ ሊሆን ይችላል። "አዳ ባቢ?" የሚለውን በቃላችሁ ያዙ፤ "አሳማ አለው?" ማለት ነው፣ ማንም አይቀየምም።

ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለንስሐ አባታችሁ ትቼዋለሁ። እዚያ ክርክር ውስጥ አልገባም!

ሙስሊም ነኝ፣ የምኖረው ዱባይ ነው። ማሌዥያ ስለሆነ ሁሉም ሐላል ነው አይደል?

አይደለም፤ በተለይ ሳራዋክ ውስጥ። ከግዛቱ ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ክርስቲያን ነው፣ ኢባኖቹም አብዛኞቹ እንደዚያው፣ አሳማ ደግሞ የበዓል ምግባቸው ነው። ፓንሱው የዶሮ ቢሆንም ዶሮው በሐላል መንገድ የታረደ ላይሆን ይችላል፣ ጎኑ ያለው መጥበሻም አሳማ ጠብሶ ሊሆን ይችላል። የጃኪም (የማሌዥያ መንግሥት የእስልምና ጉዳዮች መሥሪያ ቤት) የሐላል ምልክት የተለጠፈበትን ፈልጉ። ማላይ ሻጮችም ይህንኑ ምግብ አያም ፓንሱ ብለው ይሠሩታል፣ ሚዲንም አላቸው። ብዙ አያመልጣችሁም።

ቪዲዮ ላይ ሰዎች ነጭ ትል ሲበሉ አየሁ። የግድ ነው?

ኧረ ምን የግድ አለው! ሳጎ የሚባለው ዘንባባ ሲበሰብስ ግንዱ ውስጥ የሚያድግ የጥንዚዛ እጭ ነው። ሰዎቹ ይወዱታል፣ ስብና ፕሮቲን ነው፣ ሜዳን ኒያጋ ሳቶክ በሚባለው ትልቅ ገበያ በሕይወት እያለ ሲሸጥ ታዩታላችሁ። መብላት ከፈለጋችሁ የተጠበሰውን ብሉ። ግን ለቪዲዮ ሲሉ ትሉን ጎርሰው፣ ጮኸው፣ ሚዲኑን ሳያዩ የሚሄዱ ሰዎች ያናድዱኛል። የሰው ምግብ የድፍረት መፈተኛ አይደለም።

ካሳም የሚባል ነገር አዘዝን፤ ሽታው ጠረጴዛውን አስለቀቀን። ተበላሽቶ ነው?

ሳይሆን አይቀርም ብላችሁ እንዳትጥሉት፣ እንደዚያ ነው የሚሸተው። ካሳም ዓሣ ወይም የአሳማ ሥጋ በጨውና በሩዝ ታሽቶ፣ ተከድኖ የሚብላላ ነው። ማቀዝቀዣ በሌለበት፣ ሙቀቱና እርጥበቱ በማያስቀምጥ አገር ሥጋ የሚያቆዩበት ዘዴ ነበር። ጥሬውን ማንም አያቀርብላችሁም፤ በሽንኩርትና በቃሪያ ተጠብሶ ነው የሚመጣው። ስህተታችሁ ምናልባት እንደ ዋና ወጥ መብላታችሁ ነው። ጨው ነው እኮ! ጥፍር የምታህል ቆንጥሩና በሙሉ ማንኪያ ሩዝ አጅቡት። ካልሆነላችሁም ተዉት፣ እኔም የዓሣውን እንጂ ከዱሪያን ፍሬ የሚብላላውን ቴምፖያክ እስካሁን አልለመድኩትም።

ቱዋክ ያሰክራል?

ያሰክራል፣ ደግሞ ሳያስታውቅ። የሚጣበቅ ሩዝ ተቀቅሎ፣ ቀዝቅዞ፣ የደረቀ እርሾ ተፈርፍሮበት ለሳምንታት ይጠመቃል፤ ብዙ ሰው ስኳር ይጨምርበታል። ጣፋጭ ስለሆነ እንደ ጭማቂ ትጠጡታላችሁ፣ ከወንበር ስትነሱ ነው ዜናው የሚደርሳችሁ። ጥንካሬው እንደ ጠማቂዋ ይለያያል። ላንግካው ካሉአችሁ ደግሞ እሱ ቱዋኩ ተጣርቶ የወጣ አረቄ ነው። ከማን እንደተገዛ የማይታወቅ ከሆነ አልፉት።

መቼ ብሄድ ይሻላል?

ጋዋይ ዳያክ የሚባለው የመኸር በዓላቸው ጁን 1 እና 2 ነው፣ ከፈረንጆቹ 1965 ጀምሮ ይፋዊ በዓል ሆኗል። ሁሉም ሰው "በበዓሉ ቀን ልድረስ" ይላል። ቤተሰብ የሚጋብዛችሁ ከሆነ ድረሱ። ካልሆነ ግን ሻጮቹ ራሳቸው ወደ ገጠር፣ ብዙ ቤተሰብ በአንድ ጣሪያ ሥር ወደሚኖርበት ረጅም ቤት ይሄዳሉና ከተማ ውስጥ የተዘጋ መደብ ነው የምታገኙት። ሜይ ይሻላል።

አርባ ምንጭ ነው ያለሁት። እኛ ጋ ካሳቫም አለ፣ ከጨንቻ ቀርከሃም ይመጣል። ፓንሱን መሞከር እችላለሁ?

ከሁሉም የወደድኩት ጥያቄ! ጠጅ ሣሩም ከደጃችሁ ነው፤ ቅጠሉን ለሻይ ተዉትና ነጩን የግንዱን ግርጌ ጨፍልቁ። ቀርከሃው ዛሬ ወይም ትናንት የተቆረጠ አረንጓዴ ይሁን፤ ለዕቃ ሥራ የደረቀ ወይም ኬሚካል የነካው እንዳይሆን። የካሳቫው ቅጠል ጥሬውን መርዝነት ስላለው ለጋ ለጋውን ቅጠፉ፣ ለብቻው በደንብ ቀቅሉና ውኃውን ድፉ፣ ከዚያ ነው አፉን የምትጠቀጥቁበት። ከተጠራጠራችሁ ጎመን ተጠቀሙ።

ዶሮውን ቀርከሃው ውስጥ አትጠቅጥቁት፣ ከአፉ አንድ ስንዝር ባዶ ተዉ። በሚንቦገቦግ ነበልባል ላይ ሳይሆን በፍም ዳር አጋድማችሁ፣ በየጊዜው እያዞራችሁ አንድ ሰዓት ገደማ ጠብቁ። ሥጋው ከአጥንቱ ካልላቀቀ ጨምሩለት። ከመሙላታችሁ በፊት ደግሞ ቀርከሃውን ውኃ ሞልታችሁ ፈትኑ፤ ስንጥቅ ካለው ሾርባው ፍሙን ነው የሚያጠጣው።