የልብ ወለድ ዓለም ይፋዊ ቀኖና የግድ ያስፈልገዋል?

ጥያቄ፦ ለተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ። ስታር ዋርስን ከልጅነቴ ጀምሮ እከታተላለሁ፤ ከፊልሞቹም አልፌ ታሪኩን የሚቀጥሉትን ልብ ወለዶች በውሰትም በግዢም እያገኘሁ አንብቤያለሁ። ኩባንያው እነዚያን መጻሕፍት ከይፋዊው ታሪክ ውጭ ማድረጉን ዘግይቼ ሰማሁ። ጓደኛዬ የትኛው ታሪክ እንደሚቆጠር ባለቤቱ ካልወሰነ ሁሉም ነገር ይዘበራረቃል ይላል። እኔ ግን ያነበብኩት ሁሉ እንዳልተፈጸመ ይቆጠር መባሉ አልተዋጠልኝም። እንዲህ ያለ ይፋዊ ቀኖና በእርግጥ ያስፈልጋል?
አንባቢ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ ቀኖናው ለሚጽፉት ሰዎች ማስፈለጉና ለሚያነቡት ማስፈለጉ የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። ብዙ ደራሲዎች በአንድ ዓለም ላይ በአንድ ጊዜ የሚሠሩ ከሆነ ለጸሐፊዎቹ ያስፈልጋቸዋል እላለሁ፤ ለአንባቢው ግን የሚያስፈልግበት ምክንያት አይታየኝም።

የሰሙት ውሳኔ የተነገረው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2014 ነው። ዲዝኒ የስታር ዋርስን ባለቤት ሉካስፊልምን በ2012 ከገዛ በኋላ አዲስ ፊልሞች ታቅደው ነበር፤ ይሁን እንጂ ከመጀመሪያዎቹ ፊልሞች በኋላ ያለውን ዘመን ልብ ወለዶቹ ለብዙ ዓመታት ሲጽፉበት ስለ ቆዩ፣ ባዶ ቦታ አልተገኘም። ከፊልሞቹ ጀግኖች አንዱ የሆነው ቹባካ፣ ለምሳሌ፣ በ1999 በታተመ ልብ ወለድ ውስጥ ሞቷል። ያ ታሪክ ቢጸና ኖሮ የ2015ቱ ፊልም ወይ ያለ ቹባካ መሠራት፣ አለዚያም መጽሐፉን በእጁ ነክቶ ለማያውቅ ተመልካች የጀግናውን አሟሟት ማስረዳት ግድ ይሆንበት ነበር። ስለዚህ ስድስቱ ፊልሞችና «ክሎን ዋርስ» የተባለው አኒሜሽን ጸንተው፣ የቀድሞዎቹ ልብ ወለዶች «ሌጀንድስ» በሚል ስም ተለይተው እንዲታተሙ ተደረገ። እንደ ሥራ ውሳኔ ካየነው የሚያስወቅስ አይደለም።

ጓደኛዎ ልብ ሊሉት የሚገባው ግን ከ2014 በፊትም ሕግ መኖሩን ነው። ሉካስፊልም ታሪኮቹን በደረጃ የሚመድብ፣ «ሆሎክሮን» የተባለ የመረጃ ቋት ነበረው፤ የስታር ዋርስ ፈጣሪ የጆርጅ ሉካስ ፊልሞች ከላይ፣ የቴሌቪዥን ሥራዎች ቀጥለው፣ ልብ ወለዶችና የሥዕል መጻሕፍት ከእነዚያ በታች ይቀመጡ ነበር። ልብ ወለዶቹ የጦረኞች አገር አድርገው የገለጿትን ማንዳሎርን አኒሜሽኑ በሰላማውያን መሪዎች የምትተዳደር አድርጎ ሲያቀርባት ደረጃዎቹ ግጭቱን አላስቀሩትም፤ ማን እንደሚረታ ብቻ አስቀድመው ወስነው ነበር። መዘበራረቅ በሕግ ይጠፋል የሚለውን ሐሳብ ሙሉ በሙሉ የማልቀበለው ስለዚህ ነው።

ስታር ትሬክ የተባለው ሌላው የጠፈር ታሪክ ልማድ ከዚህ ይበልጥ አጭር ነው፦ በቴሌቪዥንና በሲኒማ የታየው ይቆጠራል፣ ልብ ወለዶቹ አይቆጠሩም። ሆኖም የካፒቴን ከርክ የመካከል ስም፣ ታይቤሪየስ፣ መጀመሪያ የተሰማው ለረጅም ጊዜ ከቀኖናው ውጭ ሲደረግ በቆየው የ1970ዎቹ አኒሜሽን ነው፤ ሂካሩ የሚለው የሌላው ገጸ ባሕርይ የሱሉ ስም ደግሞ በ1981 ከታተመ ልብ ወለድ የመጣ ነው። በ1991 የወጣው ፊልም ሁለቱንም ስሞች ወስዶ ይፋዊ አደረጋቸው። በፊት በር የተባረረው በጓሮ በር ገብቶ ወንበር ያዘ ማለት ነው፤ እኔም እንደ ተመልካች በዚህ ደስ ከሚላቸው ወገን ነኝ።

በ1963 የጀመረው የቴሌቪዥን ድራማ ዶክተር ሁ ግን ቢቢሲ እንዲህ ያለ ይፋዊ መመሪያ ሳያወጣለት እስከ ዛሬ ዘልቋል። ኩባንያው በፈቃድ የሚታተሙትን ልብ ወለዶችና የድምፅ ድራማዎች ይቆጠራሉ ወይም አይቆጠሩም ብሎ አልደነገገም፤ በ2013 የቀረበው አጭር ክፍል ግን ስምንተኛውን ዶክተር፣ ማለትም መልኩን እየለወጠ የሚኖረውን ዋና ገጸ ባሕርይ በስምንተኛ መልኩ፣ በድምፅ ድራማዎቹ ውስጥ ብቻ የነበሩ ባልንጀሮቹን በስማቸው እንዲጠራ አድርጓል። እርግጥ ነው፣ ታሪኩ በጊዜ ውስጥ ስለሚመላለስ ሰው በመሆኑ፣ ያለፈው ነገር ሊለወጥ የሚችልበት ምክንያት ከውስጡ ይገኛል፤ ስታር ዋርስ ያንን ዕድል በቀላሉ አያገኝም። መመሪያ የሚያስፈልገው ለየትኛው ዓለም እንደሆነ ሲጠየቅ፣ ከባለቤቱ ፍላጎት ይልቅ ይህን የታሪኩን ባሕርይ አስቀድሞ ማየት ይሻላል።

ቅር ያለዎትን በተመለከተ፣ ከቀኖና መውጣት ከሕትመት መውጣት አለመሆኑን ይወቁልኝ። በ1991 በቲሞቲ ዛን ልብ ወለድ የተፈጠረው የስታር ዋርስ ገጸ ባሕርይ ትሮውን በ2014 ከሌሎቹ ጋር ተገልሎ ነበር፤ በ2016 በአኒሜሽን ተመለሰ፣ በቀጣዩ ዓመትም ደራሲው ራሱ አዲስ ልብ ወለድ ጻፈለት። አዲሱን ለማንበብ ካሰቡ፣ የቀድሞውን የሕይወት ታሪኩን ወደዚህኛው ይዘው አይግቡ፤ ገጸ ባሕርዩ ተመልሶ ቢመጣም በ1991ዱ መጽሐፍ የደረሰበት ነገር በአዲሱ ታሪክ ውስጥ እንደ ደረሰ አይቆጠርም።