«አንድ ቀን እንኳ አልታሰርኩም» ይላል ወንድሜ

ሰላም ለእርስዎ፤

የምጽፈው ከባሕር ዳር ነው። ጣና ዳር ቡና አፍልቼ እሸጣለሁ። ታላቅ ወንድሜ አሜሪካ፣ ዴንቨር ይኖራል፤ ግሪን ካርድ አለው። አምና ሚስቱን በጥፊ መታና ጎረቤት ፖሊስ ጠራ። ፍርድ ቤት ቀርቦ ጥፋቱን አመነ። ዳኛው ወህኒ አላወረዱትም፣ በፕሮቤሽን፣ ማለትም ሳይታሰር በክትትል ሥር ሆኖ፣ ለቀቁት።

አሁን ሽጉጥ ታጥቆ የሚሠራበት የሌሊት ጥበቃ ሥራ ሊጀምር ነው። «አንድ ቀን እንኳ አልታሰርኩም፤ ደግሞ ሽጉጡ የድርጅቱ ነው» ይለኛል። አባታችን ዘጌ ነው ያሉት፤ ምንሽራቸውን ግድግዳ ላይ ሰቅለው የኖሩ ሰው ናቸው። ልጃቸው ሊታጠቅ መሆኑን ሲሰሙ ደስ አላቸው። እኔ ግን ፈራሁ። ድሮ ስንደዋወል ሚስቱ ከኋላ ሆና «ቡናው ፈላ ወይ?» ትለኝ ነበር። አሁን ድምፅዋ አይሰማም። ሕጉ ምን ይላል? ዝም ልበል?

እህት ነኝ፣ ከባሕር ዳር

መልስ

እህቴ፣ ዝም አትበይ።

እኔም ምንሽር የተሰቀለበት ቤት ነው ያደግኩት፤ የአባትሽ ደስታ ይገባኛል። ወንድምሽ ግን ተሳስቷል። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ሚስቱን በመምታት የተፈረደበት ሰው መሣሪያ መያዝ አይችልም። ጥፋቱ «ቀላል ወንጀል» ቢባልም ያው ነው። ይህ ክልከላ በፈረንጆች 1996 የወጣ ነው፤ ፖሊስና ወታደር እንኳ «ለሥራዬ ነው» ብለው አያመልጡትም። በከባድ ወንጀሎችም ቢሆን የሚታየው ዳኛው የሰጠው ቅጣት አይደለም። ወንጀሉ ከ1 ዓመት በላይ ሊያሳስር ይችል ነበር ወይ? ጥያቄው ይህ ነው።

የድርጅቱ ነው የሚለውም አያድነውም። ሕጉ የሚከለክለው መግዛትን ብቻ ሳይሆን መያዝንም ነው። ከተያዘ እስከ 15 ዓመት ሊያሳስረው ይችላል። ራሱ ልግዛ ካለ ደግሞ መደብሩ ቅጽ ያስሞላዋል፤ እዚያ ላይ «አልተፈረደብኝም» ብሎ መጻፍ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ግሪን ካርድ ለያዘ ሰው የመሣሪያ ወንጀል ከአገር ሊያስባርርም ይችላል። ሚስቱን የመታበት ፍርድም ለዚህ ያጋልጠዋል፤ ይህን የነገረው ሰው መኖሩን እንጃ።

ስለዚህ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት የፍርድ ወረቀቱን ይዞ ጠበቃ ዘንድ ይሂድ። በምን አንቀጽ እንደተፈረደበት በትክክል መታየት አለበት። ፍርዱ ከተሰረዘለት ወይም ይቅርታ ካገኘ መብቱ የሚመለስበት መንገድ አለ። እስከዚያው ያለ ሽጉጥ የሚሠራ ጥበቃ ይፈልግ፣ ክፍያው ቢያንስም። «ጋሼ፣ ልጆችህ ያላባት እንዳይቀሩ» ብለሽ ንገሪው። ለአባትሽም አስረጃቸው፤ እሳቸው ካሉት ይሰማል።

ከሁሉ ያሳሰበኝ ግን የሚስቱ ዝምታ ነው። ሕጉ የወጣው እንደ እሷ ላሉ ሴቶች ነው፤ በተመታችበት ቤት ውስጥ ሽጉጥ ሲገባ ምን እንደሚሆን ስለሚታወቅ። በወንድምሽ ስልክ ሳይሆን በራሷ ስልክ፣ እሱ ቤት በሌለበት ሰዓት ደውዪላት። ስለ ሽጉጡ አታንሺ። መጀመሪያ ደህና መሆኗን ጠይቂያት፤ ከዚያ ዝም ብለሽ ስሚያት።