ከጉማራ ወንዝ ዳር አሸዋ ይውጣ ወይስ ይቅር?

«ጉማራ ዳር ካለው መሬታችን አሸዋ እናውጣ ብለውናል፤ ጥቅምና ጉዳቱን በምን እናመዛዝን?» ላልከው፦ ሂሳቡን አንድ መኪና አሸዋ ከሚሸጥበት ዋጋ አትጀምር። ከሚናደው መሬት ጀምር። አሸዋው ሲወጣ ወንዙ ወደ ታች ይቦረቦራል፤ ክረምት ሲሞላ ዳሩን እየናደ ይወስዳል። የሚሄደው የሩዝ ማሳ በየዓመቱ ስንት ያስገባ ነበር? ያንን የብዙ ዓመት ምርት ከአሸዋው ገቢ ቀንስ። አሸዋ የሚሸጠው አንዴ ነው።

ቀጥሎ ዓሣው አለ። በጣና ሐይቅ ብቻ ከሚገኙት፣ ላቤኦባርበስ ከሚባሉት የዓሣ ዝርያዎች በርካቶቹ በክረምት ሐይቁ ውስጥ ወደሚገቡት ጉማራና ርብ ወንዞች ወጥተው ጠጠር ላይ ይራባሉ። ጠጠሩ ከተዛቀ መራቢያቸው ጠፋ ማለት ነው፤ ይሄ ደግሞ የባሕር ዳር አስጋሪ እንጀራ ነው። ስለዚህ ጠጠሩ ጨርሶ አይነካ፣ ከሰኔ መጨረሻ እስከ ጥቅምት ቁፋሮ ይቁም በሉ።

የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ከተሠራም አንብባችሁ አስተያየት ስጡበት። አዋጅ ቁጥር 299/1995 ይፈቅድላችኋል።

ካየሁት አንድ ነገር ልንገርህ፤ «ጉድጓዱን እንሞላዋለን» የሚለውን በቃል አትቀበሉ። እኛ አካባቢ አሸዋው ሲያልቅ መኪኖቹ ሄዱ። ጉድጓዱ ውሃ ቋጥሮ ዛሬም ከብት ይገባበታል። የመሙያው ገንዘብ ቁፋሮው ሳይጀመር ባንክ ይቀመጥ።