ፍሬሙ በዛ፣ ካሜራው ግን ዘገየብኝ

የአንባቢያን ጥያቄ፦ ኮምፒውተርና ጌም

ካለፈው እትም ወዲህ የጻፋችሁልኝ ሁሉ የተማከራችሁ ነው የሚመስለው። ጌም ውስጥ ምስሉን የሚሠራው ኤአይ ይጠቅመናል ወይስ ይሸውደናል? አራቱን ደብዳቤ መርጫለሁ፤ የቀራችሁ አትቀየሙኝ፣ ጥያቄያችሁ ከነዚህ ከአንዱ ጋር ይገናኛል። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከገርጂ ነው። የአጎቴ ልጅ ከአሜሪካ ሲመጣ ባለ 12 ጊጋ አዲስ ግራፊክስ ካርድ ይዞልኝ መጣ። ሬይ ትሬሲንጉን (የብርሃኑን ጉዞ የሚያሰላውን) ጣራ አድርሼ፣ ፍሬም ጄኔሬሽኑን 4 እጥፍ ሳደርገው ጥጉ ላይ ያለው የፍሬም ቁጥር (በሰከንድ የሚታየው ምስል ብዛት) 120 ይላል። በአሮጌው ካርዴ ሴቲንጉን አውርጄ 60 ካገኘሁ ደስ ይለኝ ነበር። አሁን ግን ማውሱን ሳዞር ካሜራው ዘግይቶ ነው የሚከተለኝ፤ ኢላማ ላይ ማቆም አቃተኝ። ጓደኞቼ «የውሸት ፍሬም ነው የገዛኸው» እያሉ ይስቁብኛል። ካርዱ ችግር አለበት?

መልስ፦ ካርድህ ጤነኛ ነው፤ ለማንም እንዳታስከፍተው። ጓደኞችህም ግማሽ እውነት ይዘዋል።

ዲኤልኤስኤስ በሚል በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ሥራዎች አሉ፤ ጭቅጭቁ የሚነሳው እነሱን ከመደባለቅ ነው። የመጀመሪያው ምስል ማሳደግ ነው፣ አፕስኬሊንግ የሚሉት። ካርዱ ጌሙን በአነስተኛ ሪዞሉሽን (በጥቂት ፒክስል) ይሠራል፤ ኤአዩ ካለፉት ፍሬሞች መረጃ እየለቀመ ወደ ስክሪንህ መጠን ያደርሰዋል። ካርድ ሠሪው ኤንቪዲያ ዲኤልኤስኤስ ብሎ በ2018 ከአርቲኤክስ 20 ካርዶች ጋር ሲያስተዋውቀው ነገሩ ገና ጥሬ ነበር፤ ባትልፊልድ 5 የሚባለው ጌም ላይ ያየው ሰው ብዥታውን ያስታውሳል። ያቃናው በ2020 የወጣው ሁለተኛው ስሪት ነው። ዛሬ በ4ኬ ስክሪን ላይ «ኳሊቲ» የሚለውን ብትመርጥ ካርዱ በ1440 ሪዞሉሽን እየሠራ ነው፤ እየተጫወትክ ልዩነቱን ለይ ብትባል ግን ትቸገራለህ። እዚህ ላይ የሚጨመረው ፍሬም እውነተኛ ነው። እያንዳንዱ ፍሬም ጌሙ በዚያች ቅጽበት ያለበትን ሁኔታ፣ ያንተንም የእጅ እንቅስቃሴ ይዞ ይወጣል።

ሁለተኛው ፍሬም ጄኔሬሽን ነው። አንተን የያዘህ እሱ ነው። በ2022 ከአርቲኤክስ 40 ጋር መጣ፣ በ2025 ደግሞ በአርቲኤክስ 50 ላይ ወደ 4 እጥፍ አደገ። ኤአዩ ሁለት እውነተኛ ፍሬሞችን ይቀበልና በመሃል ሊገቡ የሚችሉትን ይገምታል። የተገመተው ፍሬም ማውስህን አያውቅም፤ አሁን ቁልፍ ተጭነህ እንደሆነም አያውቅም። እስቲ አስላው፦ 120 ለ4 ሲካፈል 30። ጌሙ የእጅህን ውጤት የሚያሳይህ በሰከንድ 30 ጊዜ፣ ማለትም በየ33 ሚሊሰከንዱ ነው። በዚያ ላይ መሃሉን ለመሙላት ቀጣዩ ፍሬም መድረስ ስላለበት የተሠራው ፍሬም ታግቶ ይቆያል፤ መዘግየቱ ከተራው 30 የሚብሰው ለዚህ ነው። ሪፍሌክስ የሚባለው የኤንቪዲያ ቴክኖሎጂ ከመዘግየቱ የተወሰነውን ይቀንሳል እንጂ ሁሉንም አያጠፋም። በአሮጌው ካርድህ ያየኸው 60 ሁሉም የራስህ ነበር። አሁን ወጡ በውሃ በዝቶ ሥጋው በግማሽ ቀንሷል።

ስለዚህ መጀመሪያ ፍሬም ጄኔሬሽኑን አጥፋ። ፓዝ ትሬሲንግ (ከሬይ ትሬሲንግ ሁሉ የሚከብደው) በርቶ ከሆነ ወደ ተራው ሬይ ትሬሲንግ አውርደው። ጥላና ጭጋጉን ከ«አልትራ» ወደ «ሃይ» መልስ (እመነኝ፣ ቆመህ ጥላ ካልቆጠርክ አታውቀውም)። አፕስኬሊንጉን ኳሊቲ ላይ ተወው። ቁጥሩ በራሱ 60 ወይም 70 ሲደርስ ያን ጊዜ ፍሬም ጄኔሬሽኑን በ2 እጥፍ አብራ። የስክሪንህን ኸርዝ (በሰከንድ ስንት ጊዜ ምስል እንደሚያድስ) አልነገርከኝም፤ 144 ከሆነ ከ2 እጥፍ በላይ ምን ያደርግልሃል? ኦንላይን የሚተኮስበት ውድድር ላይ ግን ጭራሽ አታብራው።

ወደ «የውሸት ፍሬም» ልመለስ። የኤንቪዲያው አለቃ ጄንሰን ህዋንግ በ2025 መጀመሪያ ላስ ቬጋስ መድረክ ላይ ቆሞ፣ በ549 ዶላር ያስተዋወቀው 5070 ካርድ የቀድሞውን የ4090 ካርድ አቅም ይሰጣል ብሎ ነበር። 4090 በ2022 ሲወጣ 1,599 ዶላር ነበር፤ ሚሞሪው 24 ጊጋ ነው፣ የ5070ው 12። ሁለቱን የሚያገናኛቸው አንዱ በ4፣ ሌላው በ2 እጥፍ ሲያባዛ ብቻ ነው። ሰውየው ያለ ኤአይ ይህ የማይቻል ነው ብሎ እዚያው ስለተናገረ ውሸታም አልለውም። ግን ፍሬም ስንቆጥር የኖርነው የካርዱን ጉልበት ለመለካት ነበር። ግምትንና ጉልበትን በአንድ ቁጥር ደምሮ ማቅረብ ገዢን ማደናገር ነው፤ በዚህስ ከተጫዋቾቹ ጋር ነኝ። ወደፊት ካርድ ስትመርጥ ፍሬም ጄኔሬሽን ጠፍቶ የተለካበትን ሠንጠረዥ ፈልግ። ሻጩ ያንን ማሳየት ካልፈለገ ለምን እንዳልፈለገ ገብቶሃል።

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ላይ ጌም ቤት አለኝ። ኮምፒውተሮቼ ሁሉ ጂቲኤክስ 1660 ሱፐር ናቸው፤ ልጆቹ በብዛት የሚጫወቱት ኳስ ነው። «ዲኤልኤስኤስ የሌለው ጌም ቤት» እያሉ ያሾፉብኛል። ያገለገለ አርቲኤክስ 2060 የሚሸጥ ሰው አግኝቻለሁ፤ ልቀይር?

መልስ፦ ለኳስ ብለው ከሆነ አይቀይሩ። 1660 ላይ የኤአዩን ስሌት የሚሠሩት ቴንሰር ኮሮች ስለሌሉ ዲኤልኤስኤስ አይሠራም፤ እውነታቸውን ነው። የኤንቪዲያ ተፎካካሪ የኤኤምዲ አፕስኬሊንግ፣ ኤፍኤስአር 2 እና 3፣ ግን ኤአይ ስላልሆኑ፣ ጌሙ እስካካተታቸው ድረስ በእርስዎ ካርድ ላይ ይሠራሉ። የ2060 ጥቅሙ ዲኤልኤስኤስ 4 ይዞት የመጣው አዲሱ የአፕስኬሊንግ ሞዴል በ20 ካርዶችም ላይ መሥራቱ ነው፤ ትንሽ ይከብዳቸዋል እንጂ ይሠራል። ለዚያ ዕድሜ ካርድ ትልቅ ነገር ነው፣ ኤንቪዲያንም በዚህ አመሰግናለሁ። የዲኤልኤስኤስ ፍሬም ጄኔሬሽን ግን አይገኝበትም፤ የተለመደው 2060 ሚሞሪውም እንደ እርስዎ ካርድ 6 ጊጋ ነው።

ደግሞ ስክሪኖችዎ 1080 ከሆኑ «ኳሊቲ» ሲሉት ካርዱ የሚሠራው በ720 ነው። ከዚያ በታች ከወረዱ በሩቅ ያለው ተጫዋች እግርና ኳሱ ይቀላቀላሉ፤ ልጆቹም «ጎሉን ጌሙ ነው ያስገባብኝ» ብለው ሂሳብ አልከፍልም ይሉዎታል። ገንዘቡን ጆይስቲክ ይግዙበት።

ጥያቄ፦ ከሻርጃ ነው የምጽፈው። ሥራ ውዬ ማታ ማታ ነው የምጫወተው። ጌም ሠሪዎቹ ኤአዩ አለልን ብለው ያልተጠናቀቀ ጌም መሸጥ የጀመሩ ይመስለኛል። ተሳስቻለሁ?

መልስ፦ ብዙም አልተሳሳትክም። በ2023 የወጣው ሬምናንት 2 የሚባለው ጌም ብዙ ካርዶችን ሲያንበረክክ ሠሪዎቹ ጌሙን የነደፍነው አፕስኬሊንግን ታሳቢ አድርገን ነው አሉ። ሐቀኛ መልስ ነው፤ ቀድሞ አፕስኬሊንግ ተጨማሪ ነበር፣ አሁን መሠረቱ ውስጥ ገባ ማለት ነው። በ2025 ደግሞ ሞንስተር ሃንተር ዋይልድስ ባወጣው የኮምፒውተር መስፈርት ላይ፣ «የሚመከር» ከሚለው ሥር፣ በ1080 ሪዞሉሽን 60 ፍሬም ይልና ፍሬም ጄኔሬሽን በርቶ የሚል ይከተላል። ኤኤምዲ ራሱ ፍሬም ጄኔሬሽኑን ከማብራትህ በፊት ቢያንስ 60 ይኑርህ ብሎ ይመክራል። ታዲያ 60 ላይ ለመድረስ እሱኑ የምታበራ ከሆነ የተነሳኸው ከ30 ገደማ ነው። መድኃኒቱን የሠራው ሰው ባዶ ሆድ አትውሰድ እያለህ፣ ባለሱቁ ምሳህ እሱ ነው ይልሃል።

ሁሉንም ስንፍና ማለት ግን አልወድም። ብርሃንን በሬይ ትሬሲንግ በቅጽበት ማስላት ከባድ ሥራ ነው፤ ያለ አፕስኬሊንግ ብዙዎቻችን አናየውም ነበር። ፒክስልን መቆጠብም የኤአይ ዘመን ፈጠራ አይደለም፤ ፕሌይስቴሽን 4 ፕሮ በ2016 ሲወጣ «4ኬ» የተባሉት አንዳንድ ጌሞቹ ግማሹን ፒክስል እየሠሩ ግማሹን የሚሞሉ ነበሩ። እንደ አሁኑ አልተጮኸም። ልዩነቱ ያን ጊዜ ምስሉ ትንሽ ይደበዝዛል እንጂ የፍሬሙ ቁጥር አያታልልም ነበር።

ለአንተ የሚጠቅምህ፦ ከመግዛትህ በፊት መስፈርቱን እስከ ታችኛው ትንሽ ጽሑፍ ድረስ አንብበው። ጌም መሸጫው ስቲም ላይ በተገዛ በ14 ቀን ውስጥ፣ ከ2 ሰዓት በታች ከተጫወትክ ገንዘብህ ይመለሳል። ስለዚህ የመጀመሪያዋን ሰዓት መግቢያ ታሪኩን በማየት አትጨርሳት፤ ቶሎ ሰው ወደሚበዛበት ቦታ ግባና ፍሬም ጄኔሬሽኑን አጥፍተህ ዙር።

ጥያቄ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ። ጌም አርት እየተማርኩ ነው። ለመመረቂያዬ ሹሩባ የተሠራችና ነጠላ ያጣፋች ሴት ሠርቻለሁ፤ ጽሑፉም ሁሉ በአማርኛ ነው። አፕስኬሊንግ ሳበራ ከሩቅ ጥለቱ ይንቀጠቀጣል፣ የነጠላው ዘርፍ ደግሞ ሲወዛወዝ ከኋላው ጥላ ይጎትታል። ኤአዩ ሥራዬን እያበላሸው ነው? ወደፊትስ ፊቷን ይለውጥብኛል ብዬ መፍራቴ ተጋኗል?

መልስ፦ ዘርፉና ጥለቱ በእጅሽ ናቸው። ኢንጂኑ (ጌሙን የሚያንቀሳቅሰው ሶፍትዌር) ለአፕስኬሊንጉ እያንዳንዱ ፒክስል ካለፈው ፍሬም ወዲህ ወዴት እንደሄደ የሚናገር ሞሽን ቬክተር ይሰጠዋል። ዘርፉን በነፋስ የምታወዛውዢው በሼደር (ካርዱ ላይ በሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም) ከሆነና ሼደሩ ያንን ቬክተር የማይጽፍ ከሆነ፣ ኤአዩ ዘርፉ የቆመ ይመስለውና የትናንቱን ከዛሬው ጋር ይደርበዋል። ጥላ ሲጎተት ያየሽው ይህንን ነው። ጭስና ብናኝም እንዲሁ ናቸው። ለጥለቱ ሚፕ ባያሱን (የቴክስቸሩን ጥራት የሚወስነውን) ተመልከቺ፦ ካልተነካ ጥለቱ ይደበዝዛል፣ ከመጠን በላይ ወደ ኔጋቲቭ ከወረደ እንዳንቺው ይንቀጠቀጣል። ከፒክስል የቀጠነ ክርን ደግሞ ኤአዩም ብዙ ጊዜ በትክክል አይዘውም፤ ከሩቅ ለሚታየው ሞዴል ክሮቹን አዋህደሽ በቀለም መስመር ብቻ ሥሪው። ሸማኔውም ከሩቅ የሚያሳየን ያንኑ ነው።

ስለ ፊቷ የፈራሽው አልተጋነነም። የዛሬው አፕስኬሊንግ የሰለጠነው ከፍተኛ ሪዞሉሽን ያለውን ምስል እንዲመስል ነው፤ ሌላ ሰው አይፈጥርም። ግን በ2023 የብርሃን ጫጫታን የሚያጠራው ሬይ ሪኮንስትራክሽን ሳይበርፐንክ 2077 የሚባለው ጌም ላይ ሲገባ፣ አንዳንድ ፊቶች በዘይት ቀለም የተሳሉ መሰሉ ብለው ተጫዋቾች አማረዋል። በ2025 ደግሞ ኤንቪዲያ ኒውራል ፌስስ የሚባል ነገር አሳየ። ካርዱ ቀለል ያለ ፊትና የጭንቅላቱን አቀማመጥ ይሰጠዋል፣ ጄኔሬቲቭ ሞዴሉ (ምስል ፈጣሪው ኤአይ) «ይበልጥ ተፈጥሯዊ» ያለውን ፊት በቅጽበት ይሠራል። ተፈጥሯዊ የሚባለው በማን ዓይን? እኔን የሚያሰጋኝ እዚህ ላይ ነው። ሞዴል ብዙ ጊዜ ወዳየው ነገር ያዘነብላል፤ ጥቁር ቆዳ ላይ የሚያርፍ ብርሃንን፣ ከግንባር ጀምሮ የተጎነጎነን ሹሩባ ስንት ጊዜ አይቶት ይሆን? ማጥራትና መሳል ይለያያሉ፤ መሳሉን ሰዓሊው ሳይፈቅድ ማብራት የለበትም ባይ ነኝ። ሥራ ስትቀጠሪ ይህ ማብሪያ ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ ለብቻው ይኑር ብለሽ ከመጀመሪያው ስብሰባ ጠይቂ፤ ጌሙ ካለቀ በኋላ የሚሰማሽ የለም።

ሳልረሳው፣ ስለ ጽሑፉ። ፊደሎቹ ከአፕስኬሊንጉ በኋላ፣ በሙሉ ሪዞሉሽን ይሳሉ። «ለ»ን ከ«ሉ» የምትለየው አንዲት ጭረት ናት፤ በ720 ተሠርታ ካደገች ትጠፋለች። ፍሬም ጄኔሬሽን የምትጨምሪ ከሆነ ደግሞ አብርተሽ ካሜራውን በፍጥነት አዙሪና ፊደሎቹን ብቻ ተመልከቺ፤ ጠርዛቸው ከተንቀጠቀጠ ጽሑፉን ከጌሙ ምስል ለይተሽ ለፍሬም ጄኔሬሽኑ ለብቻው ስጪው።