ጥያቄና መልስ፦ ሱባ ደን ከልጆች ጋር

ጥያቄ፦ በጥቅምት ከ12 እና ከ15 ዓመት ልጆቼ ጋር መናገሻ ሱባ ደን ልንሄድ አስበናል። ከአዲስ አበባ ደርሶ መልስ በአንድ ቀን የወጨጫ ተራራ ጫፍ ላይ መውጣት እንችላለን?

መልስ፦ ማለዳ ከተነሡ ይቻላል። እኛ ግን ጫፉን ግብ ባያደርጉት እንመርጣለን፤ ደስ የሚለው ያለው ታች ነው። ወጨጫ ወደ 3,385 ሜትር ከፍታ አለው። ከልጆች ጋር በሰዓት 300 ሜትር ሽቅብ መውጣት ጥሩ ፍጥነት ነው። የትም ይድረሱ የት ሰባት ሰዓት ላይ ይመለሱ፤ ጥቅጥቅ ባለው ጽድ ሥር ከሜዳው ቀድሞ ይጨልማል።

ከታች ጽድና ዝግባ፣ ከፍ ሲሉ ኮሶ፣ ከዚያ አስታ ያገኛሉ። እንደሚነገረው በ15ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ የጽድ ዘር ሰሜን ሸዋ ካለው የወፍ ዋሻ ደን አስመጥተው እዚህ አስተክለዋል። ጉሬዛ ለማየት ጠዋት ቅርንጫፉን ቀና ብለው ይቃኙ፤ መጀመሪያ የሚታየው የተንጠለጠለው ነጭ ጅራት ነው። ድኩላ ግን ጫጫታ ከሰማ የለም።

ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ሊትር ውሃ ይያዙ። ሳማ ስላለ ቁምጣ አይሆንም፤ ከለበለበ በውሃ ይታጠቡት እንጂ አይከኩት። ሶሉ የተላገ ጫማ ቁልቁለት ላይ ያንሸራትታል። ከመውረድዎ በፊት ማሰሪያውን ቁርጭምጭሚት ላይ ያጥብቁ፤ ከላላ እግር ወደፊት እየተንሸራተተ የአውራ ጣት ጥፍር ይጎዳል። እሳት በፍጹም አያንድዱ፤ ደረቅ ጽድ ቶሎ ይያያዛል።

ዝናብ ከዘነበ ማግስት በትንሽ መኪና አይሞክሩት፤ ከሰበታ ወዲያ ያለው የጥርጊያ መንገድ ይይዛል።