የሚኒያፖሊሱን ግንቦት ምን ብለን እንጥራው? «ሰልፍ»፣ «ረብሻ» ወይስ «አመፅ»

ጥያቄ፦ መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ነው። በማኅበረሰብ ስብሰባዎች ላይ አስተረጉማለሁ። እ.ኤ.አ. በ2020 ሚኒያፖሊስ ውስጥ ፖሊስ የገደለው የጆርጅ ፍሎይድ ነገር በተነሣ ቁጥር አማርኛው ቤቴም ሥራዬም ላይ ጠብ ያስነሣብኛል። ባለቤቴ «ረብሻ» ነው የሚለው፤ የጓደኛው ሱቅ ሚኒያፖሊስ ሌክ ስትሪት ላይ ተቃጥሏል። ልጄ ደግሞ «አባዬ፣ ተቃውሞ በል» ትለዋለች። እኔ መድረክ ላይ «አመፅ» ብዬ ስተረጉም አንዲት እናት ተነሥተው ተቆጡኝ። የቱ ነው ትክክሉ? «ተጠያቂነት»ና «ኃላፊነት»ስ አንድ ናቸው? ልጄ ደግሞ ለመታሰቢያው ቀን በአማርኛ የምትጽፈው መፈክር ፈልጋለች። እንግሊዝኛውን «Say his name» የሚለውን «ስሙን በሉ» ብንለው ይባላል?

መልስ፦ እኅቴ፣ ጤና ይስጥልኝ። ባለቤትዎም ልጅዎም አማርኛ አልተሳሳቱም። የሚያዩት ሰዓት ነው የተለያየው። ልጅዎ የምታየው ቀኑን ነው፤ ካርቶን ይዞ የወጣውን፣ አስፋልት ላይ የተንበረከከውን ሕዝብ። አባትዬው የሚያየው ሌሊቱን ነው። የሦስተኛው ፖሊስ ጣቢያ የተቃጠለው እ.ኤ.አ. ሜይ 28 ቀን 2020 ሌሊት ነበር። በእኛ ግንቦት 20 መሆኑ ነው፤ ቀኑ ለእኛም ሌላ ትዝታ አለው፣ ይቅር። ታዲያ ቀኑንም ሌሊቱንም በአንድ ስም ልጥራ ያለ ሰው አንዱን መበደሉ አይቀርም።

እስቲ ቃላቱን አንድ በአንድ እንያቸው።

«ረብሻ» የክፍል ቃል ነው። አስተማሪው ሲወጣ የክፍል አለቃው ጠመኔ ያነሣና ሰሌዳው ላይ «የሚረብሹ» ብሎ ይጽፋል። ከሥር ስም ይደረድራል። እኔም ስሜ ተጽፎ ያውቃል፤ ያኔ የሠራሁት ጥፋት መሳቅ ብቻ ነበር። ቃሉ እስከ ዛሬ ያ ጠባይ አለው። የሚረብሽ አለ፣ የሚረበሽ አለ፣ ስም የሚጽፍ አለ። ለምን እንደ ረበሹ የሚጠይቅ ግን የለም። ሰው ተገድሎ ከተማ ሲነሣ «ረብሻ» ማለት ጉዳዩን ያሳንሰዋል። ሱቁ ለነደደበትም ቢሆን ያንሳል። ለእሱ ትክክለኛዎቹ ቃላት «ዝርፊያ» እና «ቃጠሎ» ናቸው። «ግርግር ለሌባ ያመቻል» የሚለው ተረታችን እዚህ በደንብ ይሠራል፤ ግርግሩንና ሌባውን ሁለት አድርጎ ነው የሚያያቸው።

«ብጥብጥ» ከወጥ ቤት የመጣ ነው። በሶ ይበጠበጣል፣ ተልባ ይበጠበጣል። በራሱ የተበጠበጠ በሶ ግን አላየንም። «በጥባጭ ካለ ማን ጥሩ ይጠጣል» ሲባል ጥያቄው ውሃው ለምን ደፈረሰ አይደለም፤ ማን ገባበት ነው። የዜና አንባቢዎች የሚወዱት «አለመረጋጋት» ግን ይህን ጥያቄ ያጠፋዋል። «በከተማዋ አለመረጋጋት ተከሰተ» ሲባል እንደ ዝናብ ከላይ የወረደ ነው የሚመስለው። ባይጠቀሙበት ደስ ይለኛል።

«ሰልፍ» ደግሞ ታሪኩ ያስቃል። ዛሬ ሰልፍ ስንል የዳቦ ወረፋ ወይም ጠዋት ባንዲራ ሲሰቀል የምንቆመው ነው። በግዕዝ ግን ሰልፍ የጦር አሰላለፍ፣ ራሱ ውጊያው ነው። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ዳዊት ጎልያድ ፊት ቆሞ ሰልፉ የእግዚአብሔር ነው ሲል ወረፋ እየጠበቀ አልነበረም። ስለዚህ «ሰላማዊ ሰልፍ» ቃል በቃል ቢፈታ «ሰላማዊ ጦርነት» ሊሆን ነው። «ሰላማዊ» የሚለውን ቅጽል ያለ ምክንያት አልጨመርንለትም። ለቀኑ ትክክለኛው ቃል ይኸው ነው። «ተቃውሞ» ከዚህ ይሰፋል፤ ሰልፍ የተቃውሞ አንዱ መልክ ነው። ሥራ ማቆምም፣ ዝም ብሎ መንበርከክም ተቃውሞ ነው።

አሁን ወደ ተቆጡት እናት እንምጣ። እኔ የምፈርደው ለእሳቸው ነው።

«አመፅ» ዛሬ በመንግሥት ላይ መነሣት ነው። በግዕዙ ግን «ዐመፃ» ማለት ግፍ፣ በደል፣ ፍርድ ማጣመም ነው። ቤተ ክርስቲያን ያደገ ጆሮ እስከ ዛሬ የሚሰማው ይህንን ነው። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ያለውን ታሪክ ያስታውሱ። አንዲት መበለት ዳኛ ዘንድ እየተመላለሰች ፍረድልኝ ትላለች። ዳኛው አይሰማትም። በመጨረሻ ግን ሁልጊዜ እየመጣች እንዳታውከኝ ልፍረድላት ይላል። አሁን ቃላቱን ልብ ይበሉ። «ዓመፀኛው ዳኛ» ነው የተባለው። ዓመፀኛው በወንበር ላይ የተቀመጠው ነው። መበለቷ ያደረገችው ማወክ ነው፤ ከዚያው ሥር ነው «ሁከት» የሚወጣው። ሁከቱ የእሷ፣ ዓመፁ የእሱ።

ዛሬ ቃሉ ከወንበሩ ወርዶ ጎዳና ላይ ካለው ሰው ጋር ተጣብቋል። መቼ እንዲህ እንደ ተገለበጠ ቀን ቆርጬ አልነግርዎትም። ሹም ግን ቃል ሲፈልግ የመጀመሪያው እጁ የሚያርፈው እዚህ ላይ ይመስለኛል። እና እናትየዋ «አመፅ» ሲሉ የሰሙት «ሕዝቡ ግፍ ሠራ» ነው። ቢቆጡ ይፈረድባቸዋል?

ማርቲን ሉተር ኪንግ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተናገረው አንድ ዓረፍተ ነገር አለ። እርስዎም መድረክ ላይ ሳያጋጥምዎት አይቀርም። ወደ አማርኛ የምመልሰው እንዲህ ነው፦ «ሁከት ያልተደመጡ ሰዎች ቋንቋ ነው።» «አመፅ» ያላልኩት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ከላይ የነገርኩዎት ነው። ሁለተኛው፣ አመፅ ዕቅድና መሪ ያለው ይመስላል፤ እሱ የተናገረው ግን ስለ ገነፈለ ነገር ነው። «ያልተሰሙ»ም አላልኩም። ጆሮ ሳይፈልግም ይሰማል፤ ማድመጥ ግን ልብ ይጠይቃል። ዲትሮይት እ.ኤ.አ. በ1967 ስትነድ ጩኸቱ ያልደረሰው ባለሥልጣን አልነበረም። ሰሚ ሞልቶ አድማጭ ነው የጠፋው። ኪንግ ይህን ሲል ሁከትን እያወገዘ እንደ ነበር ደግሞ አይርሱ። ብዙ ሰው ግማሹን ብቻ ነው የሚጠቅሰው፤ ባልና ልጅ ግማሽ ግማሹን ይዘው ቢከራከሩ አይገርመኝም።

ከስሞቹ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ግሱ ነው። ፍሎይድ የሞተ ዕለት የሚኒያፖሊስ ፖሊስ ያወጣው የመጀመሪያ መግለጫ ርእስ፣ ወደ አማርኛ ሲመለስ፣ አንድ ሰው ከፖሊስ ጋር በነበረው ግንኙነት ወቅት በጤና እክል ሞተ የሚል ነበር። እንደ ዜናችን ልማድ ብንተረጉመው «ሕይወቱ አለፈ» እንለዋለን። «አለፈ» ደመና ነው፣ አውቶቡስ ነው። በመኪና አደጋ የሞተም፣ በሳንባ ምች የሞተም፣ አንገቱ በጉልበት የተጫነም «ሕይወቱ አለፈ»። እውነቱን ያወጣው የ17 ዓመት ልጅ በስልኳ የቀረጸችው ቪዲዮ ነው። ዐቃቤ ሕግ ፍርድ ቤት እንዳቀረበው የፖሊሱ ጉልበት ያረፈበት 9 ደቂቃ ከ29 ሰከንድ ነበር። አማርኛ ለዚህ «ተገደለ» የሚል ቃል አለው። ተደራጊ ግስም ቢሆን ገዳይ እንዳለ ይናገራል። «ገደለው» ቢሉ ደግሞ ማን የሚለውን ሳይመልሱ ዓረፍተ ነገሩን መጨረስ አይችሉም።

እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን ዘንድም ይኸው ጥያቄ ተነሥቷል። እ.ኤ.አ. ጁን 30 ቀን 2019 ሰሎሞን ተካ የተባለ ወጣት ሐይፋ፣ ኪርያት ሐይም ሰፈር ውስጥ በጥይት ተገደለ። የተኮሰው ከሥራ ውጭ የነበረ ፖሊስ ነው። ፖሊሱ ወደ መሬት ተኮስኩ አለ። «ወደ መሬት ተኩሶ ነው» የሚልና «ልጁን ገደለው» የሚል ሰው ስለ አንድ ጥይት እየተናገሩ ሁለት ነገር ይናገራሉ። ወጣቶቹ በየአውራ መንገዱ ወጥተው መንገድ ዘጉ። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ2015 ዩኒፎርም የለበሰ ቤተ እስራኤላዊ ወታደር ሆሎን ውስጥ በፖሊስ ሲደበደብ የሚያሳይ ቪዲዮ ወጥቶ ቴል አቪቭ ላይ ትልቅ ሰልፍ ተደርጎ ነበር።

መድረክ ላይ ከአፍዎ እንዳይወጣ የምለምንዎት አንድ ቃል አለ፤ «እርምጃ»። ፖሊስ ኃይል ተጠቀመ ለማለት «ፖሊስ እርምጃ ወሰደ» የሚሉ አስተርጓሚዎች ሰምቻለሁ። በደርግ ጊዜ «አብዮታዊ እርምጃ ተወሰደበት» ሲባል ሰውየው ተረሽኗል ማለት ነበር። በዚያ ዘመን የነበረ አድማጭ አዳራሽዎ ውስጥ ካለ ደሙ ነው የሚቀዘቅዘው። ያደረገውን ይናገሩ፦ ደበደበ፣ አስለቃሽ ጋዝ ረጨ፣ የጎማ ጥይት ተኮሰ።

«ዘር»ም አለ። «የዘር ፍትሕ» ቢሉ አዲስ አበባ ያለ ሰው ስለ ብሔር ፖለቲካ የሚያወሩ ይመስለዋል፤ «ዘረኝነት» እኛ ዘንድ ከምን ጋር እንደ ተለጠፈ ያውቃሉ። ችግሩ እዚህ አያበቃም። አገር ቤት «ጥቁር» የመልክ ስም ነው። አንዷ ቀይ ዳማ፣ አንዷ ጠይም፣ አንዷ ጥቁር ትባላለች፤ ሦስቱም የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ሚኒያፖሊስ ሲደርሱ ሦስቱም ጥቁር ሆኑ። «ብላክ ላይቭስ ማተር» ለሚለው መፈክር «የጥቁሮች ሕይወት ዋጋ አለው» የሚለው ትርጉም ለጆሮዬ ትንሽ የገበያ ይሸታል። «የጥቁር ሰው ሕይወት ግድ ይበላችሁ» ብል እመርጣለሁ። በ«ዘረኝነት» ፋንታ ግን «በቆዳ ቀለም የሚደርስ በደል» ይበሉ፣ ያስኬድዎታል።

«ተጠያቂነት»ና «ኃላፊነት» አንድ አይደሉም። ኃላፊነት ሰው ራሱ የሚወስደው ነው። አለቃ ማይክ ይዞ «ሙሉ ኃላፊነቱን እወስዳለሁ» ይልና ቢሮው ይመለሳል። ተጠያቂ ግን ያለ ጠያቂ አይኖርም። ስለዚህ «ተጠያቂነት ይስፈን» ሲባል ማን ይጠይቅ ብለው ይጨምሩበት። ፍሎይድን አንገቱን በጉልበቱ የተጫነውን ፖሊስ፣ ዴሪክ ሾቪንን፣ ፍርድ ቤት ጠየቀው። ኤፕሪል 20 ቀን 2021 ጥፋተኛ ተባለ፤ ኋላም 22 ዓመት ተኩል ተፈረደበት። ከዚያ በፊት ማርች ላይ ከተማው ለቤተሰቡ 27 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቶ ነበር። ይህ «ካሳ» ነው። ፍርድና ካሳን አይቀላቅሏቸው፤ ካሳውን የከፈለው ከተማው ነው፣ ሾቪን አይደለም።

እዚሁ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። አሜሪካኖቹ ፖሊሶችን ከክስ ይከልላል ብለው የሚከራከሩበትን የሕግ መርሕ (qualified immunity) «ያለመከሰስ መብት» እያሉ ይተረጉሙታል። ያ እኛ ዘንድ የፓርላማ አባል የሚይዘው ነው። ሰው ሲሰማው «ፖሊስ ቢገድልም አይታሰርም» ብሎ ይረዳል። ነገሩ ግን የወንጀል ክስን አይነካም፤ ሾቪን እስር ቤት የገባው ለዚህ ነው። መርሑ የሚከልለው የተጎዳ ሰው ፖሊሱን በግሉ ካሳ ክፈል ብሎ ሲከሰው ነው፤ መብቱ ቀድሞ በግልጽ የታወቀ ካልሆነ በቀር። «ከግል የካሳ ክስ መከለያ» ይበሉት። ይረዝማል፤ ግን አያሳስትም።

አሁን የልጅዎ መፈክር። «ስሙን በሉ» አይባልም፣ ይሰበራል። በአማርኛ ስም ይጠራል። «ስሙን ጥሩ!» ብትጽፍ ይበቃታል። ግን ሌላም አማራጭ አላት። ፍሎይድ በወደቀበት ቦታ ቆመው የነበሩት ሰዎች ፖሊሱን እየለመኑት ነበር። ከሥራ ውጭ የነበረች የእሳት አደጋ ሠራተኛ የልቡን ትርታ እዩለት እያለች ትጮህ ነበር። ለዚያች ደቂቃ አያቶቻችን ቃል ነበራቸው፤ «በሕግ አምላክ!» ማንም መንገደኛ ማንንም ሰው በዚህ ቃል ማስቆም ይችል ነበር፤ የተባለውም ሰው ባለበት ይቆማል። ካርቶኑ ላይ ሁለት ቃል ብቻ ነው የምትጽፈው። ፊደሉን ግን ትልቅ ታድርገው፤ ከሩቅ «ሕ» እና «ሐ» ይምታታሉ።